ክምሩ ውስጥ የገባው እጅ

ምስጋና ሁሉ ዓለማትን ለፈጠረው፣ ሪዝቅን ለሚያከፋፍለው፣ በልብ የተሸሸገውንም በአደባባይ የተሠራውንም እኩል ለሚያውቀው ለአላህ ሱብሓነሁ ወተዓላ የተገባ ነው። እርዳታውን እንለምነዋለን፤ ምሕረቱንም እንጠይቀዋለን፤ ከነፍሳችን ክፋትና ከመጥፎ ሥራችንም በእርሱ እንጠበቃለን። ከአላህ በስተቀር በእውነት የሚመለክ አምላክ እንደሌለ፣ ሙሐመድም ባሪያውና መልእክተኛው እንደሆኑ እንመሰክራለን። የአላህ ሰላትና ሰላም በእርሳቸው፣ በቤተሰባቸው፣ በባልደረቦቻቸው፣ እስከ ቂያማ ቀን ድረስም ፈለጋቸውን በተከተሉት ሁሉ ላይ ይሁን።

አማ በዕድ፦ የእነዋሪና የአካባቢዋ ምእመናን፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ድምፃችን ከመስጊዱ አጥር ማዶ የሚደርሳችሁ ጎረቤቶቻችንም፣ ከሁሉ አስቀድሜ ራሴንም እናንተንም አላህን በመፍራት አደራ እላለሁ። እዚህ በሰልፍ ቆመን አላህን የምንፈራውን ያህል በእህል በረንዳ፣ በእርሻ ማሳ፣ በቢሮ ወንበር፣ በመኪና መሪ ላይ ሆነንም ልንፈራው ይገባል። ጁሙዓን የሚያየው ጌታ ቅዳሜንም ያያል። ስለዚህ ከዚህ ስንወጣ ተቅዋችንን ይዘን ወደ ሥራችን የመግባት ግዴታ አለብን።

የአላህ ባሮች ሆይ፣ ዛሬ የማነሣው ስለ ሥራ ውሏችን ነው። ብዙዎቻችን ከሥራ ስንመለስ ከጉልበታችን ይበልጥ ልባችን ዝሎ ይገኛል። አንዱ አለቃዬ ድካሜን አያይልኝም ይላል። ሌላው ሰው ሁሉ አታላይ ሆኗል ይላል። አብረውኝ የሚሠሩት ያሙኛል፣ ያሴሩብኛል የሚልም አለ። ከዚህ ውስጥ እውነት የሆነው ብዙ ነው፤ የተበደለ ሰው በደሉን መናገሩን ሸሪዓችን አልከለከለም። ሆኖም ቅሬታችንን ሁሉ ሰብስበን ብናየው የሌላው ሰው ስም እንጂ የራሳችን ስም የለበትም። ቀና አስቡ፣ ተስፋ አድርጉ የሚል ምክር ደግሞ በየቦታው እንሰማለን። መልካም ምክር ነው፤ ግን ልብ ታዝዞ ቀና አይሆንም። ራሱን የመረመረ ልብ ነው ቀና የሚሆነው። የገዛ ጉድለቱን የሚያውቅ ሰው በወንድሙ ጉድለት ላይ አይጨክንም፤ አላህ የዋለለትን ውለታ የቆጠረ ሰውም ሌላው ባገኘው አይቃጠልም። እንግዲህ ዛሬ እያንዳንዳችን ሌላውን ትተን ስለ ራሳችን ልንሰማ ይገባል።

ነብያችን ሙሐመድ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም በመዲና ገበያ ሲያልፉ አንድ ሰው እህል ከምሮ ሲሸጥ አዩ። ኢማሙ ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረዲየላሁ ዐንሁ) ይዘው እንዳቆዩልን፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) እጃቸውን ወደ ክምሩ አስገቡ፤ ጣታቸውም እርጥበት አገኘ። ላዩ ደረቅ፣ ውስጡ እርጥብ ነበር። ባለእህሉን ምን እንደሆነ ጠየቁት። ዝናብ መትቶት ነው ብሎ መለሰ። እርሳቸውም ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነም አሳወቁት።

እስቲ ይህን ወደ እኛ ገበያ እናምጣው። በእነዋሪ የገበያ ቀን ስንዴው፣ ጤፉ፣ ምስሩ፣ ባቄላው፣ ሽምብራው በጆንያ ተደርድሮ ይቆማል። ገዢው መጥቶ ከጆንያው አፍ እፍኝ ይዘግናል፣ በመዳፉ ላይ ገልበጥ ገልበጥ ያደርጋል፣ እፍ ብሎ ገለባውን ያያል፣ አንዷን ፍሬ በጥርሱ ሰብሮ መድረቋን ይፈትሻል። ይህን ስለሚያውቅ ነው አንዳንዱ ሻጭ የተበጠረውን ከላይ፣ እንክርዳድና ጠጠር ያለበትን ከታች የሚያደርገው። ሰርገኛውን ከነጩ ጤፍ ጋር የሚደባልቅ አለ። ሚዛን እንዲያነሣ ብሎ እህሉን ውኃ የሚያርከፈክፍም አለ። ገዢውም ከዚህ ንጹሕ አይደለም፤ ሚዛኑን አዛብቶ፣ ወይም ከደላላ ጋር ተመሳጥሮ የዋጋውን ወሬ አሳስቶ፣ ከሩቅ ቀበሌ እህሉን በአህያ ጭኖ የመጣውን ገበሬ ሐቅ ይበላል። አላህ በሱረቱል ሙጠፊፊን ለራሳቸው ሲሆን ሞልተው የሚሰፍሩትን፣ ለሌላው ሲሆን የሚያጎድሉትን አስጠንቅቋል። የነብዩ ሹዐይብ (ዐለይሂ ሰላም) ሕዝቦች የመድየን ሰዎችም ነብያቸው ከመከሯቸው ነገሮች አንዱ ስፍርና ሚዛን ነበር። ስለዚህ ጆንያችን ላዩም ታቹም አንድ ሊሆን፣ ጉድለት ያለበትም እህል ጉድለቱ ከላይ ሊታይ ግድ ነው።

በዚህ ሐዲስ ልብ ልትሉት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) እርጥበቱን እንዳገኙ በሰውዬው ላይ አልጮኹም፤ አስቀድመው ጠየቁት፣ መልሱንም ሰሙ። ዝናቡ የእርሱ ጥፋት አልነበረም። ጥፋቱ መደበቁ ነው። በሥራችን ላይ ከሚገጥመን ችግር ብዙው እንደዚህ ነው። ዝናቡን እኛ አላመጣነውም፤ የማዳበሪያ መዘግየት፣ የመንገድ መዘጋት፣ የዋጋ መናር በእጃችን አይደለም። አላህ የሚጠይቀን በእጃችን ስላለው ነው፤ እርጥቡን ከላይ ስላደረግነውና ስላላደረግነው። ምክንያት ባለን ጊዜ እንኳ እውነቱን መግለጥ ግዴታችን ነው።

አሁን ደግሞ እጃችንን ወደ ገዛ ክምራችን እናስገባ። አላህ በሱረቱል ሐሽር እያንዳንዷ ነፍስ ለነገ ምን እንዳስቀደመች እንድትመለከት አዝዟል። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረዲየላሁ ዐንሁ)፣ ያን ያህል ግዛት ያስተዳደሩ ሰው፣ ሰዎች በአላህ ፊት ከመተሳሰባቸው በፊት ራሳቸውን በራሳቸው እንዲተሳሰቡ ይመክሩ ነበር። ይህ ዑለማዎቻችን ሙሐሰባ የሚሉት ሥራ ረጅም ጊዜ አይፈልግም። ከዒሻ ሰላት በኋላ፣ ስልኩ ተቀምጦ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል የሚደረግ ነው። እህል ነጋዴው፣ ዛሬ ስገዛ የመዘንኩበትና ስሸጥ የመዘንኩበት እጅ አንድ ነበር ወይ ብሎ ራሱን ይጠይቅ። መምህሩ፣ ትምህርት የሚከብደውን ልጅ ቀረብኩት ወይስ ሸሸሁት? የጤና ባለሙያዋ፣ በእኩለ ሌሊት በቃሬዛ የመጣችውን ወላድ በምን ፊት ተቀበልኳት? የወረዳው ሠራተኛ፣ ሌሊት ተነሥቶ በእግሩ የመጣውን አዛውንት ነገ ተመለስ ያልኩት ጉዳዩ ነገን ስለሚጠይቅ ነው ወይስ ስለሰለቸኝ? ሹፌሩና ረዳቱ፣ ከታሪፍ በላይ ያስከፈልኩት ማንን ነው? መልሱን ማንም አይሰማውም፤ ስለዚህ ለመዋሸት ምክንያት የለንም። እያንዳንዳችን ከዛሬ ሌሊት ጀምሮ የሥራ ቀናችንን በዚህ ጥያቄ ልንዘጋ ይገባል።

ራስን ማወቅ ጥፋትን በመቁጠር ብቻ አያበቃም። ቁጣዬ የሚመጣው መቼ ነው? ሲርበኝ ነው? እንቅልፍ ባጣሁበት ቀን ነው? ዕዳ ያለብኝ ሰው በበሩ ሲያልፍ ሳየው ነው? ይህን የሚያውቅ ሰው ቁጣው ከመድረሱ በፊት ይደርስበታል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ምክር ለጠየቃቸው ሰው እንዳይቆጣ ደጋግመው መክረውታል። ሰው ቆሞ ሳለ ከተቆጣ እንዲቀመጥ፣ ካልበረደለትም ጋደም እንዲል አስተምረዋል። ኃይለኛ ሰው ማለትም በቁጣ ጊዜ ራሱን የሚገዛ እንደሆነ ነግረውናል። በቤቱ ዕዳ የተጨነቀ ሰው ጭንቀቱን በሱቁ ልጅ ላይ ሲያራግፍ ስንት ጊዜ አይተናል! ልጁ ምን አጠፋ? ቁጣችን ከየት እንደሚመጣ ለይተን በማያገባው ሰው ላይ እንዳይወርድ የመከልከል ግዴታ አለብን።

በጎ በጎውንም እንቁጠር። ራሱን የሚመረምር ሰው ጥፋቱን ብቻ እያየ ከቀረ ሸይጧን ተስፋ ያስቆርጠዋል፤ ከአላህ እዝነት ተስፋ መቁረጥ ደግሞ ራሱ ወንጀል ነው። ዛሬ ጤነኛ እጅ ይዘህ ሥራ ገብተሃል። ልጆችህ ከሐላል በልተው አድረዋል። ነብዩ ዳውድ (ዐለይሂ ሰላም) ንጉሥ ሆነው ሳለ ከእጃቸው ሥራ ይበሉ ነበር። ነብያችንም በልጅነታቸው ለመካ ሰዎች በጎች ጠብቀዋል። የእጅ ሥራን፣ እረኝነትን፣ ሸክምን፣ ሊስትሮን የሚንቅ ሰው ነብያት የሠሩትን መናቁን አያውቅም። በሥራችን ላይ ያለውን ኒዕማ ለይተን አልሐምዱሊላህ ማለት ግዴታችን ነው።

ወንድሞችና እህቶች፣ የቆምንበትን መሬት ታውቁታላችሁ። የሞረትና ጅሩ ሜዳ ጥቁር አፈር ነው፤ በክረምት ውኃውን ይዞ አይለቅም፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በሀገራችን እንዲህ ያለው አፈር 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል እንደሚሸፍን፣ ከዚያም ከ7 ሚሊዮን ሄክታር በላዩ በደጋው እንደሚገኝ የአፈር ባለሙያዎች ጽፈዋል። በብዙ ቦታ ያለ ገበሬ ውኃው ሰብሉን እንዳያበሰብስበት ክረምቱ እስኪያልፍ ጠብቆ ነበር የሚዘራው። የእነዋሪ ሰው ግን መደብና ቦይ እያወጣ ውኃውን ማጠንፈፍ ከአባቶቹ ተምሯል። ወንዱም ሴቱም፣ ልጆችም ጭምር፣ በሐምሌና በነሐሴ ጭቃ ውስጥ ጎንበስ ብለው አፈሩን በእጃቸው እየዛቁ መደብ ሲያነሡ ኖረዋል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች ይህን አድካሚ ሥራ በበሬ ለማቅለል ብለው ሁለት የሀገር ማረሻ አጣምረው ማጠንፈፊያ ሠሩ። ይህ ልብ ሊባል የሚገባው ታሪክ ነው። መሬቱ ከባድ ነው ብሎ የተቀመጠ ሰው ቢኖር ኖሮ ዛሬ እነዋሪ በስንዴዋ ባልታወቀች ነበር። አስቸጋሪውን ነገር አስቸጋሪ ብሎ ጠርቶ፣ ከዚያ እጅን ጭቃ ውስጥ ማስገባት፣ ይህ ነው የአማኝ ብሩህ አመለካከት። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሚጠቅመንን ነገር አጥብቀን እንድንሻ፣ በአላህ እንድንታገዝ፣ እንዳንሰንፍም አዘዋል፤ ችግር ሲደርስብንም እንዲህ ባደርግ ኖሮ እያልን በጸጸት እንዳንቀመጥ ከልክለዋል። የደረሰውን ለአላህ ውሳኔ ሰጥተን የቀረውን ሥራ መጀመር ይገባናል።

ግን አንድ ጥያቄ አለ። ከማሳዬ ያጠነፈፍኩት ውኃ የት ይሄዳል? ቦዬን ወደ ጎረቤቴ ምስር አቅንቼ ከሆነ የእኔ ስንዴ የቆመው በእርሱ ኪሳራ ነው። በዚህ ሀገር በፈሰስ ጉዳይ ወንድማማቾች ተኳርፈዋል፣ ሽማግሌ ተቀምጧል፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤትም ደርሷል። በመዲናም በውኃ ቦይ ጠብ ተነሥቶ ነበር። ዙበይር ኢብኑል ዐዋምና አንድ የአንሷር ሰው ተምራቸውን በሚያጠጡበት ቦይ ተጣሉ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዙበይር የላይኛው ባለመሬት ስለነበር በመጠኑ አጠጥቶ ውኃውን ለጎረቤቱ እንዲለቅ ነገሩት፤ ይህ ለሰውዬው የተደረገ ችሮታ ነበር። ሰውዬው ግን የአክስትዎ ልጅ ስለሆነ ነው ብሎ ተቆጣ። የነብዩ ፊት ተለወጠ፤ ያን ጊዜ ዙበይር ሙሉ ሐቁን እንዲወስድ ፈረዱ። ሰውዬው ፍርዱ ራርቶለት ሳለ በጥርጣሬው ምክንያት ያን ችሮታ አጣ። ክፉ ጥርጣሬ በእጃችን ያለውን ቸርነት እንኳ እንዳናይ ያደርገናል። የውኃችንን መውጫ ከጎረቤታችን ጋር ተመካክረን የማበጀት፣ ጎረቤት ለዋለልን ውለታም ቀና ልብ የመያዝ ግዴታ አለብን።

ስለ ጥርጣሬ ካነሣን ወደ ቢሮዎቻችን እንግባ። አላህ በሱረቱል ሑጁራት ከጥርጣሬ ብዙውን እንድንርቅ አዝዞ፣ ከጥርጣሬ ውስጥ ኃጢአት የሆነ እንዳለ ነግሮናል፤ ወዲያውም ነውር መሰለልንና ሐሜትን ከልክሏል። በሥራ ቦታ ሦስቱ ተከታትለው ነው የሚመጡት። ሁለት ባልደረቦች በሻይ ሰዓት ቀስ ብለው ሲያወሩ ሦስተኛው ያያል። ስለ እኔ ነው ብሎ ይጠረጥራል። ከዚያ ምን እንዳሉ ለማወቅ ይሰልላል፤ ስልካቸውን አጮልቆ ያያል፣ ሰው ይልካል። የሰማውን ቁራጭ ይዞ ለአራተኛው ያወራል። በወሩ መጨረሻ ቢሮው ሁለት ቡድን ሆኖ ሰላምታ ተቋርጧል። ሁለቱ ሰዎች ግን ሲያወሩ የነበሩት የአንዳቸው ልጅ ስለታመመበት ሊሆን ይችላል። ለወንድማችን ሥራ ሰበብ ፈልገንለት ካጣን እንኳ እኛ ያላወቅነው ሰበብ ይኖራል ማለት ይገባናል።

ክስ ሲመጣስ? በዚህ ረገድ የሐበሻ ምድር ለመላው ሙስሊም የሚነገር ታሪክ አላት። በ615 ዓ.ም. ገደማ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ በመካ የተገፉ ሶሐቦች ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በእርሱ ዘንድ ማንም እንደማይበደል ወደመሰከሩለት ንጉሥ፣ ወደ ነጃሺ ሀገር ተሰደዱ። ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስን ከሌላ መልእክተኛ ጋር አድርገው ስጦታ አስይዘው ላኩ። ለሹማምንቱ ቀድመው ስጦታ አደሉ። ሹማምንቱም ስደተኞቹን ሳይሰማ አሳልፎ እንዲሰጥ ንጉሡን መከሩት። ነጃሺ ተቆጣ፤ እነርሱን ሳልሰማ አልሰጥም አለ። አስጠራቸው፤ ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ ቆመው ተናገሩ። ሁለቱንም ወገን ከሰማ በኋላ ስደተኞቹን አሳልፎ አልሰጠም፤ ስጦታውም እንዲመለስ አዘዘ። ይህ የሆነው በእኛው ሀገር ነው። አንድ አለቃ በሠራተኛው ላይ ወሬ ሲመጣለት፣ አንድ ሽማግሌ በጎረቤቱ ላይ ክስ ሲቀርብለት፣ ሁለተኛውን ሰው ሳይሰማ ፊቱን ካጠቆረበት ይህን ታሪክ ሰምቶ እንዳልሰማ ነው። ሁለቱን ወገን እስክንሰማ ፍርዳችንን፣ ፊታችንንም ጭምር፣ ልንቆጥብ ይገባል።

የስጦታው ነገር ሲነሣ ሌላም ሐዲስ ይታወሰናል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘካ እንዲሰበስብ የላኩት ኢብኑል ሉትቢያ የተባለ ሰው ተመልሶ ይህ የእናንተ ነው፣ ይህ ደግሞ ለእኔ በስጦታ የተሰጠኝ ነው አለ። እርሳቸው ሚንበር ላይ ወጥተው፣ ይህ ሰው በአባቱና በእናቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ስጦታው ይመጣለት ነበርን ብለው ጠየቁ። ይህን ጥያቄ ማኅተም የያዘ ሰው ሁሉ፣ ፊርማው ዋጋ ያለው ሰው ሁሉ፣ ዛሬውኑ ራሱን ይጠይቅ። ቤቴ ብቀመጥ ይህ የሻይ ተብሎ የሚሰጠኝ ብር ይመጣልኝ ነበር? ካልመጣ የሰው ሐቅ ነው። በቦታችን ምክንያት የተሰጠንን ነገር የመመለስ ግዴታ አለብን፤ ደመወዝ አነሰ ማለት ይህን አያስፈቅድልንም።

ደመወዝ እንዳነሰ፣ ኑሮም እንደከበደ አላህ ያውቃል። በክልላችን በደረሰው ግጭት መንገድ ተዘግቶ እህሉ ገበያ ሳይደርስ የቀረበት፣ ትምህርት የተቋረጠበት፣ ቤተሰቡን በሞት ያጣ ሰው በመካከላችን አለ። ለእንዲህ ያለው ሰው ፈገግ በል ብሎ መምከር ጭካኔ ነው። አብሮ ማልቀስ፣ አብሮ መቀመጥ፣ የጎደለውን መሙላት ይቀድማል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አልቅሰዋል። ከዚያ በኋላ ግን የአማኝ ጉዳይ ሁሉ መልካም እንደሆነ፣ ደስታ ሲያገኘው እንደሚያመሰግን፣ መከራ ሲያገኘውም እንደሚታገሥ ያስተማሩን ቃል ይመጣል። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ ሀብታቸውን መካ ጥለው መዲና ሲገቡ፣ የአንሷሩ ወንድማቸው ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ ሀብቱን ግማሽ ሊሰጣቸው አቀረበ። እርሳቸው አላህ በሀብትህና በቤተሰብህ ላይ በረካ ያድርግልህ ብለው መረቁትና ገበያው የት እንደሆነ ጠየቁ። አይብና ቅቤ በመነገድ ጀመሩ። ከወለጋ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን ከተጠለሉት ወገኖቻችን መካከልም ከምንም ተነሥተው ሻይ አፍልተው፣ ቆሎ ቆልተው፣ የቀን ሥራ ሠርተው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አሉ። የሚሠራን ተፈናቃይ ተረጂ ብለን ዝቅ አድርገን ከማየት ተቆጥበን ገበያውን ልናሳየው፣ ከእርሱም ልንገዛ ይገባል።

ሰው የምታሠሩ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ ስሙኝ። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረዲየላሁ ዐንሁ) ነብያችንን (ሰ.ዐ.ወ) 10 ዓመት አገልግለዋል። በዚያ ሁሉ ዘመን ኡፍ እንኳ እንዳላሏቸው፣ ስለ ሠሩት ነገር ለምን ሠራህ፣ ስላልሠሩትም ለምን አልሠራህም እንዳላሏቸው መስክረዋል። አገልግሎቱን ሲጀምሩ አነስ ልጅ ነበሩ፤ ልጅ ደግሞ ያጠፋል፣ ይረሳል። በቤታችን የምትሠራው ልጅ፣ በሱቃችን የተቀጠረው ጎረምሳ፣ በአጨዳ ወቅት ከሩቅ መጥቶ ጎንበስ ብሎ የሚውለው የቀን ሠራተኛ፣ ጆንያ የሚጭነውና የሚያወርደው ወጣት፣ ከ10 ዓመት ይቅርና ከአንድ ቀን በኋላ ስለ እኛ ምን ይመሰክራሉ? ነብያችን ሠራተኛ ላቡ ሳይደርቅ ዋጋው እንዲከፈለው አዘዋል። አላህ በቂያማ ቀን እርሱ ራሱ ከሚከራከራቸው ሰዎች አንዱ ሠራተኛ አሠርቶ ዋጋውን የከለከለ ሰው እንደሆነ ተነግሮናል። ተከራካሪው አላህ ከሆነ ጠበቃችን ማን ሊሆን ነው? ነገ ና፣ እህሉን ስሸጥ ና፣ ብር ሳገኝ እደውልልሃለሁ እያልን የምናመላልሰው ሰው በየምልልሱ ክሱን እያከማቸብን ነው። ማሳው ታጭዶ ሲያልቅ፣ ሰውየው ማጭዱን ሳይጠቀልል፣ ብሩ በእጁ ሊገባ ይገባል።

የተቀጠረውም በበኩሉ አማና አለበት። የጅሩን ሰንጋ በሩቅ ያሉ ሁሉ በስም ያውቁታል። ባለሰንጋው ለወራት ጭዱን፣ ድርቆሹን፣ ጓያውን እየለካ ያቀርባል፤ ሌሊት ተነሥቶ ያያል፣ በረቱን ይጠርጋል፣ ቆዳውን ያሻል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ገዢው አላየውም። አማኝ በሥራው ሁሉ እንዲህ ነው፤ ጂብሪል (ዐለይሂ ሰላም) ስለ ኢሕሳን በጠየቁ ጊዜ ነብያችን የመለሱትም አላህን እንደምናየው አድርገን እንድናመልከው፣ ባናየው እርሱ እንደሚያየን ነው። አለቃ ሲወጣ ሥራ የሚያቆም፣ ሰዓት ፈርሞ የሚጠፋ፣ የመሥሪያ ቤቱን ንብረት ለግሉ የሚያውል ሰው አለቃውን እንጂ አላህን አልፈራም። የሚቆጣጠረን ሰው ባለበትም በሌለበትም ሥራችን አንድ ዓይነት ሊሆን ግድ ነው።

ወንድምህ ሥራ ላይ ሲያጠፋ ብታየውስ? ነብያችን አማኝ ለአማኝ መስተዋት እንደሆነ አስተምረዋል። ጥፋቱን ለራሱ፣ ለብቻው፣ በለሰለሰ ቃል ንገረው። ሰው ፊት ያዋረድከው ሰው ምክርህን ጥሎ ቂምህን ይዞ ይሄዳል። ምክሩ ወደ አንተ ሲመጣም ከማን እንደመጣ አትይ። ታናሽህ ይሁን፣ ተቀጣሪህ ይሁን፣ በሃይማኖት የማይመስልህ ጎረቤትህ ይሁን፣ እውነት ከተናገረ ተቀበለው። በዚህች ከተማ በአንድ ደቦ አርሰናል፣ ተረዳድተን ቀብረናል፣ በሰርግና በሐዘን ተጠራርተናል። ክርስቲያኑ ጎረቤታችን የሙስሊሙ ሚዛን አይዋሽም ብሎ እንዲመሰክር እንጂ እንዲጠራጠረን ምክንያት ልንሰጠው አይገባም።

ይህን ብዬ ለራሴም ለእናንተም አላህን ምሕረት እለምናለሁ፤ ምሕረቱን ለምኑት፣ እርሱ መሓሪና አዛኝ ነውና።

ምስጋና ለአላህ ይሁን፤ ሰላትና ሰላም በመልእክተኛው ላይ ይሁን። የአላህ ባሮች ሆይ፣ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ቀን ሶሐቦቻቸውን ከሳሪ ማለት ማን እንደሆነ ጠየቋቸው። ገንዘብና ንብረት የሌለው ነው አሉ። እርሳቸው ግን ከኡመታቸው ከሳሪው በቂያማ ቀን ሰላት፣ ጾምና ዘካ ይዞ የሚመጣ፣ ነገር ግን ይህን የሰደበ፣ ያንን የወነጀለ፣ የሌላውን ገንዘብ የበላ፣ የሌላውን ደም ያፈሰሰ፣ ሌላውን የመታ ሰው እንደሆነ ነገሯቸው። ከመልካም ሥራው ተወስዶ ለእነዚህ ይከፈላል፤ ሲያልቅበትም የእነርሱ ወንጀል በእርሱ ላይ ይጫናል። የሰው ሐቅ በእስቲግፋር ብቻ አይወርድም፤ ለባለቤቱ ተመልሶ ነው። ስለዚህ ከመስጊድ ስትወጡ በልባችሁ ስሙ የመጣው ሰው አለ፤ ወደ እርሱ ሂዱ። ያልከፈላችሁትን ክፈሉ። በሚዛን የጎደለውን መልሱ። ያማችሁትን ሰው በሐሜታችሁ ቦታ በመልካም አንሡት። የገፋችሁትን አፉ በለኝ በሉት። አፉ በለኝ የተባላችሁም አትጨክኑ፤ አፉ በሉ፣ አላህ እናንተንም አፉ እንዲላችሁ።

ያ አላህ፣ የምንበላውን ሐላል፣ የምንሠራውን ኢኽላስ ያለበት አድርግልን። ነፍሳችንን አሳውቀን፤ ነውራችንን በዱንያም በአኺራም ሸፍንልን። ለጎረቤቶቻችን ያለንን ልብ አጥራልን። የእርሻችንን ቡቃያ ከበረዶ፣ ከዋግና ከተምች ጠብቅልን፤ ዝናቡን በልኩ አድርግልን። የተዘጋውን መንገድ ክፈትልን፤ በሀገራችን ላይ ሰላም አውርድ፤ ተፈናቃዮችን ወደ ቀያቸው መልስ፤ የታመሙትን ዓፊያ፣ የሞቱብንን ራሕመት ስጥልን። ዕዳ ያለበትን ዕዳውን ክፈልለት፤ ዋጋው የተከለከለውን ሠራተኛ ሐቁን አስመልስለት። ወሰለላሁ ዐላ ነቢዪና ሙሐመድ፣ ወዐላ ኣሊሂ ወሰሕቢሂ አጅመዒን። ሰልፋችሁን አስተካክሉ፤ አቂሙ ሰላት።